ከጉዞው በኋላ የሚደርስ የትራንስፖርት ገንዘብ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ የነዳ ሰው መንገድን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያየው፤ ሰው ጭኖ የሚሄድበትና ባዶውን የሚመለስበት። ደንበኛው የሚከፍለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። የሁለተኛው ነዳጅም፣ ጎማም፣ ሰዓትም የሹፌሩ ዕዳ ነው። እኔ ሥራ የጀመርኩት የጉዞ ሒሳብ የሚቆጥረው ሜትር ሳይገባ፣ ከተማዋ በዞን ተከፋፍላ ሒሳብ በተሻገርነው ዞን ልክ በሚቆጠርበት ዘመን ነበር። ከንቲባ አድሪያን ፌንቲ ዞኑን አስቀርተው በ2008 ሜትር ሲያስገቡ ስንት ክርክር ተነሣ፤ አድማ የመቱም ነበሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዞንም ይሁን በሜትር ግን ባዶ ጉዞ ባዶ ጉዞ ነው፤ የሚከፍልልህ የለም።

ይህን የማነሳው ዛሬ ራሴ ተሳፋሪ ስለሆንኩ ነው። ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ሳይታወቀኝ የጎን እይታዬን በላው። ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ፤ ከግራና ከቀኝ የሚመጣው ግን የለም። ለሹፌር ከዚህ የከፋ ነገር አላውቅም። መንጃ ፈቃዴን መለስኩ፣ መኪናዋን ለጓደኛዬ ሸጥኩለት፣ የኤርፖርቱን ሰልፍና የሰልፉን ወሬ ተሰናበትኩ። አሁን ጽሑፍ እያነበበ በሚያሰማ የኮምፒውተር ፕሮግራም እየታገዝኩ በስልክ ደንበኛ ማስተናገድ እማራለሁ። የሚያስተምረኝ አካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ወደ ሥራ ለመመለስ የተቋቋመው የመንግሥት ፕሮግራም ነው፤ እዚህ ያለን ሰዎች «ሪሃብ» እያልን የምንጠራው፣ በወረቀት ላይ የሙያ ተሃድሶ የሚባለው። የምኖርበትን ስቴት ስም አልጽፍም። ከዲሲ ወጣ ብሎ ነው፤ ከቢሮው ጋር ገና ብዙ ወረቀት ስላለን ይቅር።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ትምህርቱ ነው። ጎበዝ ሆንክ ወይ፣ ኮምፒውተሩ ገባህ ወይ ይሉኛል። ትምህርቱስ ይገባል። ሳስበው የማድረው ከቤቴ በር እስከ ክፍሉ በር ያለውን መንገድ ነው። ስለዚህ መንገድና ስለሚከፈልበት ገንዘብ፣ ሌላ ሰው በአማርኛ ሲጽፍ ስላላየሁ፣ የማውቀውን ልጻፍ።

ፕሮግራሙ ትናንት የመጣ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችን ሙያ ለማስተማር በ1918 ሕግ ወጣ፤ በ1920 ለሲቪሉም ተዘረጋ። አሁን የሚሠራበት በ1973 የጸደቀው የተሃድሶ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሁለት ጊዜ ወጪው በዝቷል ብለው መልሰውት በሦስተኛው ነው የፈረሙት። ከወጪው 78.7 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት፣ 21.3 በመቶውን ስቴቱ ይችላል። ያመለከተ ሰው ብቁ መሆን አለመሆኑ በ60 ቀን ውስጥ ሊነገረው ይገባል። ብቁ ከተባለ በ90 ቀን ውስጥ ወደ ሥራ የሚመለስበት ዕቅድ ተጽፎ ይፈረማል። እዚህ ስቴት ስንት ዓመት ኖረሃል ብሎ መከልከል አይቻልም። ብዙ ወገኖቻችን ዜግነት ካልያዝኩ አይሆንልኝም ብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ የሚያስፈልገው ግን በሕጋዊ መንገድ መሥራት መቻል ነው። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ቢሮው ሰዉን በጉዳቱ ክብደት ደረጃ ያሰልፋል፤ ጉዳቱ የከበደበት ይቀድማል፣ ሌላው ይጠብቃል።

ትራንስፖርትን በተመለከተ የፌዴራሉ ደንብ እጁ የተፈታ ነው። አንድ ሰው ከፕሮግራሙ አገልግሎት ለማግኘት የሚያስፈልገውን የጉዞና ከጉዞ ጋር የተያያዘ ወጪ ይሸፍናል ይላል። ሕዝብ ማመላለሻ እንዴት እንደሚያዝ ማስተማርም በዚያ ውስጥ ይገባል። ረዳት ይዞ ካልሆነ መሄድ የማይችል ሰው የረዳቱም ጉዞ ይከፈልለታል። መኪና እስከ መግዛትና ማስጠገን፣ ሥራው ሩቅ ቦታ ከተገኘ ደግሞ እስከ ቤት ማዛወሪያ ወጪ ድረስ በምሳሌነት ተጠቅሷል። መጀመሪያ ሳነበው፣ ማለትም ሲነበብልኝ፣ እውነት አልመሰለኝም።

ግን አንድ ማሰሪያ አለው። ትራንስፖርት ብቻውን አይሰጥም፤ ሌላ አገልግሎት ተከትሎ ነው የሚመጣው። ሥልጠና ካለህ ወደ ሥልጠናው የሚያደርስህ፣ የምክር ቀጠሮ ካለህ ወደ ቀጠሮው የሚያደርስህ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነው። በኑሮ ሲታይ ግን ሁሉም ነገር ከተወሰነና ከተፈረመ በኋላ፣ ስብሰባው ሊበተን ሲል፣ ሁሉም ጃኬቱን ሲያነሳ የሚጠየቅ ጥያቄ ይሆናል። «አዎ፣ በምን ነው የምትመጣው?»

እኔን የጠየቁኝ ልክ እንደዚያ ነው። ጉዳዬን የያዘችው የቢሮው አማካሪ (ካውንስለሯ)፣ በስልክ ያለው አስተርጓሚ፣ እኔ፣ ባለቤቴና የባለቤቴ ወንድም ነበርን። ሴትዮዋ ቅን ሰው ናት። ከቤተሰብ የሚያደርስህ አለ ወይ አለች። አስተርጓሚው አማርኛውን ሳይጨርስ የባለቤቴ ወንድም ቀድሞ መለሰ። «እኛ እያለን ምን ሲደረግ በባስ ይሄዳል!» ባለቤቴም ራሷን ነቀነቀች። የኪቦርድ ድምፅ ሰማሁ። የትራንስፖርቱ ነገር እዚያው ላይ አለቀ።

ማን ምን ሊል ነበር? በእኛ ቤት፣ በሰው ፊት፣ «አይ፣ እኔ አልችልም፣ መንግሥት ያድርሰው» የሚል ዘመድ ከየት ይመጣል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እሱ ደግሞ ከልቡ ነው የተናገረው፤ ዛሬም ብጠይቀው ያንኑ ይላል። ነገር ግን ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፣ ሽፍቱ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ሠርታ ጠዋት ነው የምትገባው። እንቅልፍ ባልነካው ዓይኗ መሪ ጨብጣ ልታደርሰኝ ትነሣለች። ጎኔን ባላይም ስታዛጋ ይሰማኛል።

እንደ ድሮ ሹፌርነቴ ሳሰላው፣ አንድ ሰው እኔን ለማድረስና ለመመለስ በቀን አራት ጊዜ መንገዱን ይቆርጣል። ሁለቱ እኔን ይዞ፣ ሁለቱ ባዶውን። የሥራ ሰዓት ይበላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ እንቅልፍ ይበላል። ማንም ግን በወጪነት አይመዘግበውም፤ ቤተሰብ ነዋ። እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ቤተሰብ ሲደክመው አይናገርም። ከመናገሩ በፊት አንድ ቀን ይዘገያል፣ አንድ ቀን መኪናው ይበላሻል፣ አንድ ቀን እኔ ራሴ «ዛሬ ተዉት፣ ቤት እሆናለሁ» እላለሁ። ከዚያ ከማሰልጠኛው መቅረት ይጀመራል፤ የቀረበት ምክንያት የሚጻፈው ደግሞ በእኔ ስም ነው።

ቆይቼ ያወቅኩት ነገር አለ። ቢሮው እንደ ትራንስፖርት ያለ አገልግሎት ከመክፈሉ በፊት ሌላ የሚከፍል እንዳለ ማጣራት ግዴታው ነው። ደንቡ ግን ሌላ ከፋይ ሲል የሚዘረዝረው ሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን፣ የጤና መድንንና ከአሠሪ የሚገኝ ጥቅማ ጥቅምን ነው። የሚስት ወንድም እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። በእርግጥ ካውንስለር «አስፈላጊ ነው ወይ» ብሎ መመዘኑ አይቀርም፤ በር ላይ ቆሞ የሚያደርስ ሰው ካለ አያስፈልግም ሊል ይችላል። ስለዚህ የቤተሰቡ መልስ ክብደት አለው። ከስብሰባው በፊት፣ ቤት ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ማን በየትኛው ቀን በእውነት ይችላል ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። አንዴ ተጻፈ ማለትም አበቃ ማለት አይደለም። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንዴ መታየት አለበት፤ በመሃልም ማሻሻል ይቻላል። የእኔ ተሻሽሏል። ወንድሟ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር፤ «ያስቸገርኩህ መሰለህ?» አለኝ። እኔም ባስ ላይ ወሬ ደስ ይለኛል አልኩት።

ገንዘቡ ተፈቀደ። አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

የተሰጠኝን ፎርም ሳይ ሳቅኩ። ዲሲ ታክሲ ስንነዳ ማኒፌስት የሚባል ወረቀት እንሞላ ነበር፤ ከየት ጫንክ፣ የት አወረድክ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው። ይህም ያው ነው፤ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ የከፈልኩት፣ የጉዞው ምክንያት፣ በመጨረሻ የአስተማሪ ፊርማ። ሳጥኖቹ ለማየት ለሚቸገር ሰው የተዘጋጁ አይመስሉም፤ ማጉያ ይዤ ነው የምሞላቸው። ወሩ ሲያልቅ ከነደረሰኙ ይገባል። ካውንስለሯ ታየዋለች፣ አለቃዋ ይፈርማል፣ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል፣ ቼክ ይወጣል፣ ፖስታ ቤት ያመጣል። እኔ ግን ባሱን የከፈልኩት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው።

ከጉዞው በኋላ የሚመጣ ገንዘብ የትራንስፖርት ድጎማ ነው ለማለት ይከብደኛል። ብድር ነው፤ አበዳሪው ተማሪው፣ ተበዳሪው መንግሥት። ያውም ለመማር የመጣው ገቢ ስለሌለው የሆነ ተማሪ። መጠኑ በቂ ነው ወይ ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ እኔ መጠኑ ላይ ብዙም ቅሬታ የለኝም። የምከራከረው በቀኑ ላይ ነው። ወር ሙሉ ጠብቄ ከማገኘው ሙሉ ገንዘብ ይልቅ ሰኞ ጠዋት ካርዴ ላይ ያለ ግማሹ ይበልጥብኛል።

አብሮኝ የሚማር ከኤልሳልቫዶር የመጣ ወጣት አለ፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ። የሚመጣው በፓራትራንዚት ነው፤ ቤት ድረስ መጥቶ የሚወስደው፣ በቀጠሮ የሚያዝ ቫን። በፌዴራል ሕግ የዚህ አገልግሎት ዋጋ ከመደበኛው ባስ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ልጁ ወሩ መጀመሪያ ላይ አይቀርም። መጨረሻው አካባቢ ወንበሩ የሚቆምበት ቦታ ባዶ ይሆናል። አስተማሪያችን ቀሪ ብላ ትመዘግበዋለች፤ ሥራዋ ነው፣ አልወቅሳትም። ያ ወረቀት ግን ለቢሮው ሲደርስ «ተማሪው ትጋት ይጎድለዋል» ተብሎ ነው የሚነበበው። ሳንቲም ያጠረው ልጅ ሰነፍ ሆኖ ይመዘገባል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ፎርሙን አብረን ስንሞላ፣ ደረሰኝ ያልያዘበትን ቀን በጥንቃቄ ባዶ ሲተወው አየሁ። ሊያጭበረብር የሚችልበትን ሳጥን ነው የተወው። ከኪሱ ሄደ።

አስቀድሞ መስጠት ማጭበርበር ያመጣል የሚል ሰው አይጠፋም። ታክሲ ላይ የቆየ ሰው ስለ ማጭበርበር ትምህርት አያስፈልገውም፤ ሁሉንም ዓይነት ጭነናል። ግን እዚህ ማስረጃው እኮ አስቀድሞ አለ። ማሰልጠኛው የእያንዳንዳችንን መገኘት በየቀኑ ይመዘግባል፤ ክፍያውን የሚያገኘውም ከዚያው ቢሮ ነው። ክፍል ውስጥ ከተገኘሁ መጥቻለሁ ማለት ነው፤ በርሬ አልመጣሁም። የወሩን ገንዘብ መጀመሪያ ላይ ስማርትሪፕ በሚባለው የባስና የባቡር መክፈያ ካርድ ላይ ጭኖ፣ በቀረሁበት ቀን ልክ ከሚቀጥለው ወር መቀነስ ምን ያቅታል? አንዳንድ ቢሮዎች የባስ ካርድ አስቀድመው ይሰጣሉ። ስለዚህ ሕጉ አይከለክልም፤ ልማድ ነው።

ስለ ልማድ ካነሣን፣ «የትራንስፖርት ጣሪያው ይህን ያህል ነው፣ ከዚያ በላይ አይቻልም» የሚል መልስም ብዙ ሰው ይሰጠዋል። የፌዴራሉ ደንብ ስቴቶች የክፍያ ተመን እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በአንድ የአገልግሎት ዓይነት ላይ ፍጹም የማይነቃነቅ የዶላር ጣሪያ ማስቀመጥን ይከለክላል። ልዩ ሁኔታ ያለበት ሰው ከተመኑ በላይ የሚጠይቅበት መንገድ ክፍት መሆን አለበት። «ጣሪያው ይህ ነው» ሲባል፣ በትሕትና፣ «ልዩ ፈቃድ የሚጠየቅበት ፎርም የቱ ነው?» ማለት ነው። እምቢ ከተባለም በእያንዳንዱ ስቴት ለተገልጋዩ ወገን ቆሞ በነፃ የሚከራከር፣ ክላየንት አሲስታንስ ፕሮግራም የሚባል ቢሮ አለ። ማስታረቅ መጠየቅ ይቻላል፣ ገለልተኛ ዳኛ ፊት መቅረብም ይቻላል። እኛ ሰዎች ከመንግሥት ቢሮ ጋር መከራከርን እንደ ምስጋና ቢስነት እናየዋለን። ካውንስለሮቹ ግን አይቀየሙም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ለአለቃቸው የሚያሳዩት ወረቀት ስለሚያገኙ ደስ ይላቸዋል። ሌላው የሚረሳ ነገር፣ ያልተፈቀደ ወጪ አይመለስም። አስቀድሞ በዕቅዱ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ይወጣ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የካርታው ነገር አለ። ይህ አካባቢ አንድ ከተማ ይመስላል፤ ሲነዱበት አንድ ነው፣ ሲሳፈሩበት ግን ሦስት አገር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ባስ፣ ዳሽ የሚባለው፣ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነፃ ነው። እዚያ ብዙ ሐበሻ ይኖራል፤ ከዚያ ከተማ ሳይወጣ የሚማር ሰው ያን ሁሉ ፎርም አያውቀውም። ጥቂት ማይል ወዲህ ያለሁት እኔ ደረሰኝ እሰበስባለሁ። ነፃ ባስ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የተለየ ድጎማ አይደለም፤ ግን እስካሁን ካየኋቸው ድጎማዎች ሁሉ እንደሱ የሠራ የለም፤ ማንንም ምንም አይጠይቅምና።

ዲሲ ደግሞ ትራንስፖርት ዲሲ የሚባል ፕሮግራም አላት፤ ፓራትራንዚት ለተፈቀደላቸው ነዋሪዎቿ ታክሲ በ5 ዶላር የምታስጠራበት። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኛ ያደረስኳቸው። ኩላሊት እጥበት የሚሄዱ እናቶች፣ ሥራ የሚሄዱ ዓይነ ስውራን። ወሩ ከተጋመሰ በኋላ ለሕክምናና ለሥራ ጉዞ ብቻ የሚል ደንብ ነበረው። ያኔ ከኋላ ወንበር ሆነው ይህን ሲያማርሩ «ሥልጠናስ ሥራ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ጥያቄ አልመጣብኝም። ዛሬ መጣብኝ፤ ግን እኔ የዲሲ ነዋሪ ስላልሆንኩ ጥያቄው እንኳ አይመለከተኝም። የከተማውን መንገድ በሙሉ አውቃለሁ፣ የከተማው ዕርዳታ ግን ድንበሩ ላይ ይቀራል።

የሚቀረው ፓራትራንዚቱ ነው። በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ መሠረት፣ መደበኛ ባስ ወይም ባቡር የሚሄድበት መስመር ከሆነ በሦስት ሩብ ማይል ክልል ውስጥ ያለን ሰው ማገልገል ግዴታ ነው። ከዚያ ውጭ ቤትህ ከሆነ ግዴታ የለም። የት እንደምትሄድ ምክንያት አይጠየቅም፤ ይህ መልካም ነው። አንድ ረዳት ያለ ክፍያ አብሮህ ይሄዳል፤ ይህም መልካም። ግን ከአንድ ቀን በፊት ትይዛለህ፣ መኪናው ሌሎችንም እየለቀመ ይሄዳል፣ ትምህርት በጠዋት ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ትነሣለህ። ትኬቱን የሚመልስልህ አለ፤ ሰዓቱን የሚመልስልህ የለም። ድሮ ደንበኛ ውስጥ ቁጭ ብሎ መኪናዬ ስትቆም ሜትሩ የጥበቃ ሰዓት ይቆጥር ነበር። የእኔን ጥበቃ አሁን የሚቆጥር ሜትር የለም።

ለዚህ ነው ባሱን የመረጥኩት። ለባሱ ደግሞ ነጭ በትር መያዝ መማር ነበረብኝ፤ ይህም በዚያው ፕሮግራም ይሸፈናል። አስተማሪዋ ወደ አንድ ትልቅ መስቀለኛ መንገድ ወሰደችኝ። መብራቱን እያየሁ ለመሻገር ስሞክር ዓይኔን ጨፍን አለችኝ። አድምጥ። ከጎንህ ትይዩ የቆሙት መኪኖች መጀመሪያ ሞተራቸው ይነሣል፣ ከዚያ በአንዴ ይለቃሉ፤ እነሱ ሲለቁ አንተም ትለቃለህ። የፊት ለፊቶቹ ያኔ ቆመዋል። ሳቅ አመለጠኝ። ስንት ዓመት እኔ ነኝ የዚያ ድምፅ ባለቤት! አረንጓዴ ሳይበራ እግሬን ፍሬን ላይ ላላ የማደርገው፣ መስቀለኛው ላይ ማን እንደቆመ ሳላይ ለመታጠፍ የምቸኩለው እኔ ነበርኩ። ለአስተማሪዋ ታክሲ ነጂ እንደነበርኩ ስነግራት፣ «እንግዲያው ወደ ቀኝ ከሚታጠፉት ተጠንቀቅ፣ ታውቃቸዋለህ» አለች። ከዚያ የባሱን ምሰሶ በበትሩ ማግኘት፣ በሩ የሚከፈትበትን ድምፅ መጠበቅ፣ ካርዱን የሚያስነኩበትን ቦታ በእጅ መፈለግ፣ የፌርማታ ስም ካልተጠራ ሹፌሩን መጠየቅ። ያን ሁሉ በትዕግሥት አሳየችኝ። የትራንስፖርት ድጎማ ሲባል ሰው የሚያስበው ገንዘብ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የእሷ ሰዓታት ናቸው። የባስ አጠቃቀሙ ትምህርት በደንቡ ውስጥ በዚያው በትራንስፖርት ሥር የተቀመጠ ነው፣ የበትሩ ደግሞ ራሱን በቻለ አገልግሎትነት፤ ሳይጠይቅ የሚያገኛቸው ግን ጥቂት ነው።

ባስ ላይ መውጣት ራሱ በትግል የመጣ መብት ነው። ዴንቨር ውስጥ በሐምሌ 1978 ዊልቸር ላይ ያሉ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ኮልፋክስና ብሮድዌይ ጎዳናዎች የሚገናኙበት ላይ ባሶችን ከበው መንገዱን ዘግተው አደሩ። የጠየቁት ባሱ ዊልቸር የሚያነሳ ሊፍት እንዲኖረው ነበር። ከዚያ የተወለደው ንቅናቄ ነው እስከ 1990ው ሕግ ድረስ የገፋው። እኔ ዴንቨር ታክሲ የሚነዱ ጓደኞች አሉኝ፤ በዚያ መስቀለኛ መንገድ በየቀኑ ያልፋሉ፣ አንዳቸውም ታሪኩን አያውቁም ነበር። ስነግራቸው አንዱ አዲስ አበባ ያለውን ወንድሙን አነሣ። በዊልቸር ነው የሚሄደው፤ ሚኒባስ ሲቆምለት ረዳቱ ለዊልቸሩ የሌላ ሰው ሒሳብ ይጠይቀዋል። ሳይቆምለት የሚያልፈው ይበዛል። የሙያ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ የተወው በትምህርቱ ሳይሆን በታክሲው ነው አለኝ። የዚያን ልጅ ደረሰኝ የሚቀበል መስኮት የለም።

ቤተሰቡ እንዲነዳለት ገንዘብ አጠራቅሞ መኪና መግዛት ለሚያስብ፣ አንድ ወጥመድ ልጠቁም። ኤስኤስአይ የሚባለውን፣ ገቢ ላነሰው አካል ጉዳተኛና አረጋዊ የፌዴራሉ መንግሥት በየወሩ የሚከፍለውን ገንዘብ፣ የሚያገኝ ነጠላ ሰው ከ2000 ዶላር በላይ ጥሪት መያዝ አይፈቀድለትም፤ ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። የሚገርመው አንድ መኪና፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ ከጥሪት አይቆጠርም። መኪናው ይፈቀዳል፤ መኪናውን ለመግዛት የሚጠራቀመው ጥሬ ገንዘብ ነው የሚያስጠይቀው። ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ፓስ የሚባለው፣ ለሥራ ግብ የተቀመጠ ገንዘብ እንዳይቆጠር ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያጸድቀው ዕቅድ ነው። ሌላው ኤብል የሚባለው የቁጠባ ሒሳብ ነው፤ በውስጡ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ኤስኤስአይን አይነካም፣ ለትራንስፖርትም ይወጣል። ድሮ ጉዳቱ ከ26 ዓመት ዕድሜ በፊት ለጀመረው ብቻ ነበር፤ ከጥር 2026 ጀምሮ ወደ 46 ከፍ ብሏል። ከአርባ ስድስት ዓመቱ በፊት የታመመ ወገን ካላችሁ ይህን ንገሩት። ሌላም አለ፤ ኤስኤስአይ ወይም በሶሻል ሴኩሪቲ በኩል የአካል ጉዳት ክፍያ የሚያገኝ ሰው፣ ተሃድሶ ቢሮው የገቢ መመዘኛ አስቀምጦ ከወጪው አዋጣ ሊለው አይችልም።

የዲሲ ነዋሪ ለሆነ ደግሞ፣ ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚገለገልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። «እኛ እያለን» የሚለውን ልጅ እንዴት አድርጎ ይተረጉመዋል?

እኔ አሁን የሥልጠናው መጨረሻ ላይ ነኝ። አንድ ቦታ ቃለ መጠይቅ ተደርጎልኛል፤ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፣ ያንን አስቀድሜ አጣርቻለሁ። ሥራ ከገባሁ በኋላ ቢሮው ጉዳዬን ከመዝጋቱ በፊት ቢያንስ 90 ቀን ሥራው ላይ መቆየቴን ማየት አለበት። የትራንስፖርቱ ገንዘብ እስከ የትኛው ቀን ይቀጥላል የሚለው ግን በዕቅዴ ላይ አልተጻፈም። ካውንስለሯ «አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ» ብላኛለች። የመጀመሪያው ደመወዝ ሁለት ሳምንት ሠርተህ ነው የሚመጣው፤ አንዳንድ ቦታ ሳምንት ይይዙብሃል። ያንን መሃል ያለውን ጊዜ እንድትጽፍልኝ ለረቡዕ ቀጠሮ ይዣለሁ። አሠሪው ለባቡር ካርድ የሚሆነውን ገንዘብ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ከታክስ በፊት የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ የሚጀምርበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። ባለቤቴ አብራኝ ትገባለች። ወንድሟ ያን ዕለት ሥራ ነው፤ ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ።